ከውጭ የገባው መብራት

ስማኝ ወዳጄ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ሻዬን ይዤ ሌላ ወንበር የምፈልግ ሰው ነበርኩ፣ ቆሌ ታየ፣ ጋኔን ጮኸ፣ የሞተው ሰውዬ በር አንኳኳ ሲሉኝ ያዛጋኛል፣ እውነቴን ነው፣ መፍራቱ ቀርቶ መስማቱ ራሱ ይደክመኝ ነበር። ሙያዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። በዚህ ሙያ ስትኖር ሰይጣን ገብቶበታል ተብሎ የሚመጣልህ መኪና አይጠፋም፣ ሌሊት በራሱ ጡሩንባ የሚነፋ፣ ቁልፉ ሳይነካ መብራቱ የሚበራ፣ ባለቤቱ ጠበል ሁሉ ያስረጨው፣ ከፍተህ ስታየው ግን አንድም የላላ ገመድ ነው፣ አንድም አይጥ የበላው ሽቦ፣ አንድም የዛገ ማሰሪያ። ይህን የምነግርህም እንድትደነቅልኝ አይደለም፣ ብቻዬን ይዤው መዞሩ ስለሰለቸኝ ነው።

የምነዳው መኪና ካምፐር የሚሉት ዓይነት ነው፣ ኋላው እንደ ቤት ሆኖ አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያለው፣ ከወለሉ ሥር ደግሞ የራሱ ጀነሬተር አብሮ የተገጠመለት። ባለቤቱ ለቱሪስት ያከራየዋል፣ እኔ ሹፌሩም ጠጋኙም ነኝ፣ ያን ጊዜ መኪናውን ከተረከብኩ ብዙም አልቆየሁም። በክረምቱ ማብቂያ ላይ የተከራየችን ግን ቱሪስት አልነበረችም፣ አስቴር የምትባል የአዲስ አበባ ሴት ናት፣ አባቷን ጋሽ አለሙን ወደ ሀገራቸው ወደ ካፋ ልትወስድ። ጋሽ አለሙ ዕድሜያቸውን ሙሉ አናጢ ነበሩ፣ የጣውላው ብናኝ ሳንባቸውን ጨርሶት ያለ ኦክስጅን ማሽን መቆየት አይችሉም፣ ማሽኑ ደግሞ የክፍሉን አየር እየሳበ የሚያጣራ ስለሆነ ቀንም ሌትም መብራት ይፈልጋል። ሐኪሞቹ ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም ሲሏቸው «እንግዲያው ቤቴ ውሰዱኝ» አሉ። አምቡላንስ ለዚያ ሁሉ መንገድ አልተገኘም፣ አስቴርም ጠይቃ አጠያይቃ እኛ ዘንድ ደረሰች።

ጅማ አደርን፣ ማደር ከተባለ። ያረፍንበት ሆቴል መብራት ጠፍቶ ስለነበር ጀነሬተሩ ሲያጓራ አደረ፣ እኔም ፊት ወንበር ላይ እግሬን አጣጥፌ ድምፁ በተለወጠ ቁጥር እየባነንኩ ነጋልኝ። ቦንጋ ስንደርስ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስለኝ ነበር። ናፍጣ ወረፋ ይዘን ሞላን፣ ዳቦና ሙዝ ገዛን፣ ባጃጅ ነጂዎቹ ከበውን «የሚሄድ ቤት መጣ! ሽንት ቤትም አለው?» እያሉ በመስኮት ሲያጮልቁ ጋሽ አለሙ ቱቦው አፍንጫቸው ላይ እንዳለ ከአልጋቸው ሆነው በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ አንድ ነገር መለሱላቸው፣ ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። አስቴር ተረጎመችልኝ፣ «አለው፣ ግን ወረፋ ያዙ» ነው ያሏቸው። እንደዚህ ዓይነት ሰው ነበሩ፣ ናቸው ማለቴ ነው።

ሺሺንዳን አልፈን ከዋናው መንገድ ወደ ጋሽ አለሙ ቀበሌ በሚያስገባው የጠጠር መንገድ ስንታጠፍ ገና ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ጉሙ ግን ምሽት አስመስሎታል። መንገዱ የሚሄደው በጫካ መሃል ነው፣ ዛፉ ከግራና ከቀኝ ተገጣጥሞ፣ አንድ የመብራት ምሰሶ እንኳ በዚያ በኩል አያልፍም፣ የቀበሌው መስመር የሚገባው በሌላ አቅጣጫ ከዋጫ ከተማ በኩል ነው። ዝናቡም ጀመረ። አንድ ጠመዝማዛ ላይ የኋላ ጎማዬ ከጠርዙ ተንሸራተተና መኪናው እንደደከመ ሰው ቀስ ብሎ ቦዩ ላይ ዘመም አለ። ምንም አልተሰበረም፣ ማንም አልተጎዳም፣ ብቻ ጀነሬተሩ አንዴ ሳለና ጸጥ አለ።

ወዲያው ከኋላ የማሽኑ ማስጠንቀቂያ ጮኸ፣ አስቴርም አብራ ወደ እኔ ጮኸች።

«ጋሼ! ማሽኑ ጠፋ!»

«ሲሊንደሩን ክፈቺላቸው፣ አሁን አስነሳዋለሁ፣ አይዞሽ!»

ለመጠባበቂያ የያዝናት አንዲት ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደር ነበረች፣ በየመንገዱ ጀነሬተሩን ባሳረፍን ቁጥር ስንጠቀምባት መጥተን መርፌዋ ከግማሽ በታች ወርዷል። ስልኬን አየሁ፣ ኔትወርክ የለም። ደግነቱ አንድ ሞተረኛ የአካባቢው ሰው ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለና ቆሞ ጎማውን አየ፣ አልጋ ላይ ያሉትን ሽማግሌም በበሩ አየ። «አንተ መኪናውን አታስነሳ፣ የባሰ ይገባል» አለኝ፣ «ቡና እርሻው ጋ ትራክተር አለ፣ እኔ ሄጄ እጠራለሁ፣ መንገዱ ግን ጭቃ ነው፣ ይቆያል።» ይህን ብሎ ወደ ጉሙ ተመልሶ ገባ።

እንግዲህ ጀነሬተሩ ጋ ገባሁ፣ ጭቃው ላይ በጀርባዬ ተኝቼ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ነዳጁን ነው፣ ምክንያቱም እንዲህ አብሮ የተገጠመ ጀነሬተር የሚጠጣው ከመኪናው ታንከር ቢሆንም ቱቦው እስከ ታች አይደርስም፣ ናፍጣው ሩብ ሲቀረው ራሱን ያጠፋል፣ ለሞተሩ እንዲተርፍ ተብሎ ነው። ግን ቦንጋ ላይ ሞልተናል። ቀጥሎ ዘይቱን አየሁ፣ ዘይት አለ፣ ነገር ግን መኪናው ስለዘመመ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ተኝቷል፣ ጠባቂ ሴንሰሩም ዘይት ያለቀ መስሎት ሞተሩን ይዘጋዋል። አገኘሁህ አልኩ። የሴንሰሩን ገመድ ነቀልኩት፣ አይመከርም፣ ግን ምን ላድርግ፣ ቁልፉን ስጫን ጀነሬተሩ ተነሳ። «ተነሳ!» ብዬ ጮህኩ።

«ማሽኑ አልተነሳም!» አለች አስቴር።

ገባሁ። ሶኬቱ ላይ ቴስተሬን ሰካሁ፣ ዜሮ። ብሬከሮቹን አየሁ፣ ሁሉም ወደ ላይ ናቸው። ተመልሼ ጭቃው ውስጥ ገባሁና ከጀነሬተሩ መውጫ ላይ በቀጥታ ለካሁ፣ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት መሆን የነበረበት አሥር እንኳ አይሞላም፣ ያኔ ሽታው አፍንጫዬን መታው፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ። የቮልቴጅ መቆጣጠሪያዋ ካርድ ጠቁራለች፣ ውሃ ነክቷት ይሁን ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራ አድራ አላውቅም። ሞተሩ ይዞራል፣ መብራት ግን አይሰጥም። ከባትሪ መብራት የሚያወጣው ኢንቨርተር ቢኖር ይህ ሁሉ ባልመጣ፣ እሱን ደግሞ ባለቤቱ አስወልቆ ቤቱ ወስዶታል። አየህ፣ ያኔ የሚደረገውን ሁሉ አድርጌ ጨርሻለሁ። ጀነሬተሩን አጠፋሁት፣ ዝም ብሎ መጮሁ ምን ያደርጋል።

ጭቃዬን ይዤ ስገባ አስቴር የአባቷን እጅ ይዛ የሲሊንደሯን መርፌ እያየች ነው። ጋሽ አለሙ ግን እኔን ነበር የሚያዩት።

«ተወው ልጄ» አሉኝ፣ በየቃሉ መሃል እየተነፈሱ፣ «አንተም ደክሞሃል። እኔም ደክሞኛል። ደግሞ ሀገሬ ገብቻለሁ፣ የዛፉ ሽታ ይሸተኛል። ይበቃል።»

«አባባ እንዲህ አትበል!» አለችና ወደ እኔ ዞረች፣ «ጋሼ፣ በእናትህ፣ አንድ ነገር አድርግ።»

የማደርገው አልነበረኝም። እሷን ላለማየት ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ፣ እዚያ ነው ያየሁት።

በሩ አጠገብ አንድ ሳጥን አለ፣ ቼንጅ ኦቨር የምንለው፣ እጀታው መሃል ላይ ሲሆን መብራት ከየትም አይመጣም፣ ወደ ግራ ብታዞረው ከጀነሬተሩ ይቀበላል፣ ወደ ቀኝ ብታዞረው ከውጭ፣ ማለትም ሆቴል ግቢ ስትቆም ገመድ ዘርግተህ ከግድግዳ የምትስበውን። ለእያንዳንዱ ትንሽ አምፖል አለችው፣ መብራት መኖሩን የምታሳይ። የጀነሬተሩ ቀይ አምፖል ጠፍታለች። የውጩ አረንጓዴ አምፖል በርታለች።

እመነኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አይደለም፣ ንዴት ነው፣ አሁን ደግሞ አንቺ ተበላሸሽ ብዬ። ሽፋኑን በካቻቢቴ ፈትቼ ቴስተሩን በውጩ መስመር ማሰሪያ ላይ አስነካሁ። ሁለት መቶ ሃያ። ትንሽ እንኳ አይወላውልም፣ እንደተሳለ ቆሟል፣ እኔ ደግሞ በዚህ ሀገር፣ ከጀነሬተርም ይሁን ከከተማ መስመር፣ እንዲህ ቀጥ ብሎ የቆመ መብራት ለክቼ አላውቅም። ቴስተሩ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ የመኪናውን ባትሪ ለካሁበት፣ ትክክል ነው።

ወጣሁ። ከመኪናው ጎን በውጭ በኩል የገመዱ መሰኪያ አለ፣ ክዳኑ ተዘግቷል፣ ገመዱ ራሱ በዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ እንደተጠቀለለ ነው፣ ሄጄ በእጄ ነካሁት። በመኪናው ዙሪያ ዞርኩ። ጫካ ነው፣ ጉም ነው፣ ዝናብ ነው፣ ሌላ ምንም የለም። ከዚያ ክዳኑ ላይ እጄን ጫንኩ፣ ከዚያ ሁሉ ቀዝቃዛ ቆርቆሮ መሃል እሱ ብቻ ይሞቃል። እንደ ተቃጠለ ነገር አይደለም፣ ሰው ሲጨብጠው ቆይቶ አሁን እንደለቀቀው ነው። ዝናቡ በመኪናው ጎን ሁሉ ይወርዳል፣ ክዳኑ ግን ደረቅ ነበር። እጄን አነሳሁና ሱሪዬ ላይ ጠረግሁት፣ ለምን እንደጠረግሁት አትጠይቀኝ።

ተመልሼ ስገባ የሲሊንደሯ መርፌ ቀዩ ላይ ደርሷል። ጋሽ አለሙ ከንፈራቸው ሰማያዊ መሆን ጀምሯል፣ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው፣ እጄን ያያሉ። እጀታውን ያዝኩ። ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁብኝ፣ ቀስ ብለው፣ ልጅ ከእሳት እንደሚከለክል ሰው። አስቴር አላየቻቸውም፣ እኔን ነው የምታየው፣ «ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ።

እጀታውን ወደ ቀኝ አዞርኩት።

ማሽኑ ጢጥ አለና ተነሳ፣ ያ የለመድነው የመሳብና የመልቀቅ ድምፁ ቀጠለ፣ የጣሪያው መብራትም በራ። አስቴር እየሳቀች አለቀሰች፣ ጉልበቴን አቅፋ ልትስም ስትል አነሳኋት። ጋሽ አለሙ ትንፋሻቸው ሲመለስ ወደ ግድግዳው ዞረው በካፊኖኖ አንድ ነገር አሉ። አስቴር ሳቋን አቁማ ወደ እሳቸው ዞረች።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«ምንም፣ ይቃዣል።»

«ምን አሉ አስቴር?»

«‹ለምን አስገባችሁት› ነው ያለው።»

«ማንን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ፣ ማንን እንደሆነ አላለም» ብላ ብርድ ልብሱን አስተካከለችላቸው። መብራቱ ከየት እንደመጣ ግን አልጠየቀችኝም፣ ጀነሬተሩን ያስተካከልኩት መስሏታል፣ እኔም አልነገርኳትም። ምን ብዬ?

ደረጃው ላይ ተቀምጬ ቆየሁ። ድካሙ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ ነበር፣ ዓይኔን ስጨፍን የማሽኑን ድምፅ እሰማለሁ፣ ስገልጥ አረንጓዴዋን አምፖል አያለሁ። ሊመሽ ሲል የትራክተር ድምፅ መጣ፣ ሞተረኛው ከነጂው ጎን ተቀምጧል፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነዋል።

«ጉሙ ምንም አያሳይም» አለ ሞተረኛው እየወረደ፣ «አንተ ጀነሬተሩን ባታስነሳ አልፈን እንሄድ ነበር። ድምፁን ተከትለን ነው የመጣነው።»

ጀነሬተሬ ከጠፋ ቆይቷል። የማሽኑ ድምፅ ደግሞ ከመኪናው ወጥቶ አምስት እርምጃ እንኳ አይሰማም። «የምን ድምፅ?» አልኩት።

«የጀነሬተር ነዋ፣ ያውም ትልቅ» አለ፣ ወደ ጫካው በአገጩ እያሳየ፣ «በዚያ በኩል ነው የመሰለን።» ነጂው ግን ሰንሰለቱን ቶሎ ቶሎ ማሰሩን ነው የያዘው።

ያለፍኩትን ሁሉ በሽቦና በውሃ ላስረዳህ እሞክር ይሆናል፣ ቀጥሎ ያለውን ግን አልችልም። ትራክተሩ ጎተተን፣ ከቦዩ ወጣን፣ መንዳት ጀመርኩ፣ ከሆነ የተደበቀ መስመር ጋር ተነካክተን ከነበረ እዚያው ይቋረጥ ነበር አይደል? መብራቱ አብሮን መጣ። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ማሽኑ አልተንገራገጨም፣ ዳገቱን ስንወጣ አምፖሏ አልደበዘዘችም፣ በመስታወቱ ወደ ኋላ ባየሁ ቁጥር አረንጓዴ ናት። ቤታቸው እስክንደርስ ድረስ እንደዚያው።

ዘመድ ጎረቤት በር ላይ ይጠብቀን ነበር፣ ጋሽ አለሙን በአልጋ ልብሱ አንስተው አስገቧቸው፣ ማሽኑንም እኔው ተሸክሜ ገብቼ ከቤቱ ግድግዳ ላይ ሰካሁት፣ መብራት ነበራቸው። አልቅሰው ሳሟቸው፣ እሳቸውም የእያንዳንዱን ስም እየጠሩ ሳሙ። ወደ መኪናው ስመለስ አረንጓዴዋ አምፖል ጠፍታለች። ማሰሪያውን ለካሁ፣ ዜሮ። ክዳኑንም ነካሁት፣ ቀዝቅዟል፣ እርጥብ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ፣ ከእኔ ጋር ስላልሆነ ደስ አለኝ። ከማን ጋር እንደቀረ ያን ሌሊት አላሰብኩም፣ እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

አዲስ አበባ ተመልሼ የጀነሬተሩን ካርድ ስቀይር የቼንጅ ኦቨሩን ሳጥን ሙሉ በሙሉ ከግድግዳው አወረድኩት። ከውጩ መሰኪያ የሚመጡት ሽቦዎች ግድግዳው ውስጥ ተቆርጠዋል፣ ጫፋቸው በፕላስተር ተጠቅልሎ አቧራ ጠጥቷል፣ ሳጥኑ ድረስ አይደርሱም። ባለቤቱን ጠየቅኩት፣ «እንደዚያው ሆኖ ነው የገዛሁት፣ ከውጭ መብራት ወስዶ አያውቅም» አለኝና ስለ ጎማ ማውራት ጀመረ።

አንድ ቀን፣ ሳምንታት ካለፉ በኋላ፣ አስቴር ደወለች። አባቷን እያስታመመች እዚያው ቀርታለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ሰው እንዳይሰማት የምትናገር ይመስላል።

«ጋሼ፣ አንተ ባለሙያ ነህ ብዬ ነው። የቀበሌው ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ሰነበተ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጨለማ ነው፣ ማሽኑ ግን ይሠራል።»

የያዝኩትን ካቻቢት አስቀመጥኩ።

«አባባ ደከመኝ አጥፉልኝ ይላል። እኔ አልፈልግም፣ ግን ቀንም ሌትም ይለምነኛል። ዛሬ እሺ ብዬ ማጥፊያውን ተጫንኩት።»

«እና?»

«አልጠፋም።»

«ስፒናውን ከግድግዳው ንቀይው» አልኳት፣ ምን ልበላት፣ የማውቀው እሱን ነው።

«ነቅዬዋለሁ ጋሼ» አለች፣ «ይኸው በእጄ ይዤዋለሁ።»

ከእሷ ድምፅ ኋላ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል፣ ይስባል፣ ይለቃል፣ ይስባል፣ ይለቃል። ከዚያ የጋሽ አለሙ ድምፅ መጣ፣ ቀጭን ሆኗል፣ በካፊኖኖ ነው፣ ለእሷ አልመሰለኝም የሚናገሩት። ልጠይቃት አፌን ስከፍት ኔትወርኩ ጠፋ። ደጋግሜ ደወልኩ፣ አልገባልኝም።

በኋላ ስናወራ እሷ ያንን ቀን አላነሳችውም፣ እኔም አላነሳሁትም። ጋሽ አለሙ ዛሬም አሉ፣ ሐኪሞቹ ይህን ያህል ይቆያሉ ብለው አልገመቱም ነበር፣ ዘመድ ሁሉ ተአምር ነው ይላል። በበዓል በበዓሉ እደውላለሁ፣ እንዴት ናቸው እላታለሁ፣ «ደህና ነው፣ ብቻ ይደክመዋል፣ እንቅልፍ የለውም» ትለኛለች፣ ከኋላዋም ያ ድምፅ ሳያቋርጥ ይሰማኛል። እዚያ መብራት አለ ወይ ብዬ ግን አልጠይቃትም።